ሁለት ሺህ ለስልሳ ሲካፈል

አባቴ በቀኝ እጁ ላይ ሦስት ጣት ነው ያለው። ትንሿ ጣቱና ከእሷ ቀጥሎ ያለችው የሉም። እንዴት እንደሄዱ ለሚጠይቀው ሁሉ «ቀልቤ ሌላ ቦታ ነበር» ይልና ወሬ ይለውጣል። እኔ ግን አውቅ ነበር። ጣቶቹን ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ። ይህን ከዘጠኝ ዓመቴ ጀምሮ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም ሳልናገር ይዤው ኖርኩ። ትክክል ነበርኩ ማለት ይቻላል፤ ግማሹን ያህል።

አባቴ ቶርኖ ሠራተኛ ነው። ቶርኖ ላላየ ሰው፣ ብረት ነክሶ የሚያዞር ማሽን ነው፤ ብረቱ ሲዞር ቢላዋ እያስጠጉ ይቀርጹታል። የሚነክሱት ሦስት መንጋጋዎች ናቸው። የአባቴ ማሽን ከእሱ በዕድሜ ትበልጣለች፤ ስሟም «አሮጊቷ» ነበር። አረንጓዴ ቀለሟ ክርን በሚነካው ቦታ ሁሉ ተልጦ ብረቷ ያበራል። ቤቷ የቆርቆሮ መጋዘን ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ የአናጢ ነበር፤ በመሀል ያለው ግድግዳ አንድ ንጣፍ ኮምፖርሳቶ ብቻ ነው። አናጢውን ከቅንድቡ እስከ ጫማው የእንጨት ብናኝ ስለማይለየው ሰው ሁሉ ሰጋቱራ ይለዋል። እኔ ጋሼ ሰጋቱራ እላቸዋለሁ። ስማቸው ሌላ መሆኑን ያወቅኩት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

እማዬ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ትለይ ነበርና ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል በፊት አትወጣም። የቤቱ ቁልፍ ለእኔ አይሰጥም፤ አንዴ ተሰጥቶኝ የውኃ መውረጃ ቱቦ ውስጥ ከትቼዋለሁ። ስለዚህ ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አባቴ ሥራ ቤት እሄዳለሁ። ባለ ሦስት እግር የብረት ወንበር ሠርቶልኛል፤ መቀመጫውን ጋሼ ሰጋቱራ ከእንጨት ቆርጠውለታል። ከወንበሩ ፊት ሲሚንቶው ላይ ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከመስመሩ ወዲያ አሮጊቷ፣ ከመስመሩ ወዲህ እኔ።

ያኔ አንድ ጨዋታ ነበረን። አባቴ ብረት እየቀረጸ፣ ዓይኑን ከቢላዋው ላይ ሳያነሳ ይጠይቀኛል።

«ቶሎቶሎ፣ አሮጊቷ ምን ትላለች?»

ቶሎቶሎ እኔ ነኝ። የጫማ ማሰሪያዬን እንኳ አስሬ አልጨርስም ነበር፤ ዛሬም ያው ነኝ።

«ታጉረመርማለች።»

«ከሆዷ ነው ከጉሮሮዋ?»

«ከሆዷ።»

«ጥሩ። ሥራ ላይ ናት ማለት ነው።»

«አሁን ደግሞ አፏጨች።»

ይሄኔ ማሽኗን ያቆማል፤ ቢላዋውን ይነቅላል፤ ይስለዋል። «ተክ ተክ አለች» ካልኩት ደግሞ ቺንጊያዋን፣ ከሞተሩ ወስዳ የምታዞራትን ቀበቶ፣ ሊያይ ይሄዳል። እየፈተነኝ ይመስለኝ ነበር። መልሱን አስቀድሞ ያውቃል፤ እኔ ማወቄን ነው የሚያየው። አስተማሪ መልሱን ሳያውቅ ይጠይቃል እንዴ? አንድም ቀን «ተሳሳትሽ» ብሎኝ ስለማያውቅ በዚህ ትምህርት ከክፍሉ አንደኛ ነኝ ብዬ አምን ነበር። በእርግጥ ክፍሉ ውስጥ ያለሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

አባቴ የራሱን ሥራ ከመክፈቱ በፊት የእንፋሎት ጋን በመዶሻ በሚጠገንበት ትልቅ ፋብሪካ አሥራ አራት ዓመት ሠርቷል። ቀጫጭን ድምፆች ለእሱ አልነበሩም። የማሽኗን ፉጨት ጨርሶ አይሰማም። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ሁሉ ነገር ግን ፊቴ ነበር። እማዬ ከማጀት ስትጠራው ዝም ይላል፤ እኔ የተኳረፉ ይመስለኛል። የሰው ወሬ ሲሰማ አፍ አፉን ያያል፤ ሰው የሚያከብር አባት አለኝ እላለሁ። ጋሼ ሰጋቱራ በኮምፖርሳቶው በኩል ሦስቴ ተጣርተው ሲያጡት አንገታቸውን በበሩ ያስገባሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ስጠራህ ዝም የምትለው ንቀህኝ ነው?»

«ያንተ ሰጋቱራ ጆሮዬ ገብቶ ነው።»

«ታዲያ አራግፈዋ።»

እስቅ ነበር። በእውነትም ጆሮው ውስጥ ብናኝ እንዳለ ለማየት አንዴ ተኝቶ ሳለ በባትሪ አብርቻለሁ።

ከማሽኗ ሆድ ላይ የነሐስ ሰሌዳ ተለጥፏል። ሦስት ቁጥሮች አሉበት፦ 450፣ 1000፣ 2000። ቺንጊያዋ በየትኛው መዘውር ላይ እንዳለች ፍጥነቷ ይለያያል። ቀዩን መስመር ባለፍኩበት አንድ ቀን፣ አባቴ አልተቆጣኝም፤ ጠመኔ ሰጠኝ።

«ሁለት ሺህ የሚለው በደቂቃ ነው። በደቂቃ ሁለት ሺህ ዙር። ይገባሻል?»

«አዎ።»

«አይገባሽም፤ ለእኔም አይገባኝም። ማነው ደቂቃ ሙሉ ቆሞ የሚቆጥር? አንድ ደቂቃ ስንት ሰከንድ ነው?»

«ስልሳ።»

«ለስልሳ አካፍዪው።»

ሲሚንቶው ላይ ተንበርክኬ አካፈልኩ። «ሠላሳ ሦስት። ሃያ ይተርፋል።»

«የተረፈውን ተይው። አሁን አንድ በይ።»

«አንድ።»

«ይቺን አንድ ብለሽ ሳትጨርሺ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ዞራለች። በደቂቃ የሚለው ለወረቀት ነው። ጣት የሚያውቀው ሰከንድ ነው።»

ከዚያ በኋላ መስመሩን አላለፍኩም። ሌላም ያስተማረኝ ነገር ነበር፤ እሱን እንኳ ለእኔ ብቻ ሳይሆን ሥራ ቤቱን ለረገጠ ሁሉ ነው የሚለው፦ መብራት ሲሄድ መጀመሪያ የማሽኑን ማጥፊያ። ሻማ ከመፈለግህ በፊት፣ ከመራገምህ በፊት፣ ማጥፊያውን። መብራት ሲመጣ አስፈቅዶ አይመጣም።

አራተኛ ክፍል ስገባ ደብተሬ አልታይህ አለኝ። ሥራ ቤቱን የሚያበራው በሽቦ የተንጠለጠለ አንድ ቢጫ አምፖል ነበር። ጥላዬ ቁጥሮቼን ይሸፍናል ብዬ አለቀስኩ፤ የቤት ሥራ ላለመሥራት ነበር እንጂ ያን ያህል አልጨለመብኝም። አባቴ በማግሥቱ አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን ፍሎረሰንት ይዞ መጣ። ከእኔ ወንበርና ከማሽኗ መሀል ሰቀለው። ሲያበራው ሁለቴ ተርገበገበና መጋዘኑን እንደ ሐኪም ቤት ነጭ አደረገው።

«ላንቺ ነው» አለኝ።

በክፍሌ ላሉ ልጆች ሁሉ አባቴ መብራት እንደገዛልኝ አወራሁ። የሰማኝ ሁሉ መኝታ ቤቴ ውስጥ መሰለው፤ እኔም አላረምኩም።

ጣቶቹ በሄዱበት ቀን፣ አሥር ሰዓት ግድም፣ አሮጊቷ በሁለት ሺህ እየዞረች ሳለ መብራት ሄደ። የጭነት መኪናው ፒን የተሰበረበት አንድ ሾፌር ከበሩ ላይ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። «ዕቃው ይበላሽብኛል» ይላል፤ «ቲማቲም ነው፣ ቲማቲም አይጠብቅም» ይላል። አባቴ ውስጡ ስለጨለመ የተሰበረውን ፒን በብርሃን ሊለካ ወደ ደጅ ወጣ። ሲወጣ ማጥፊያውን አልነካውም። እኔ በመስኮቷ ብርሃን የቤት ሥራዬን ቀጠልኩ፦ አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ስንት ደቂቃ ነው?

መብራት ሲመጣ ነጩ ሁለቴ ተርገበገበና በራ። በዚያው ቅጽበት ከኮምፖርሳቶው ጀርባ የጋሼ ሰጋቱራ መላጊያ ማሽን ጣውላ እንደጎረሰ ተነሣ። ያ ማሽን ሲነሣ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግኩ፦ ሁለት ጣቶቼን ሁለት ጆሮዎቼ ውስጥ ከተትኩ፤ ደብተሩን በክርኔ ያዝኩ።

አባቴ ገባ። በግራ እጁ ፒኑ፣ በቀኝ እጁ ጨርቅ። ሾፌሩ ከኋላው እያወራ ስለነበር ፊቱን ወደ እሱ መልሷል፤ አፉን ካላየ እንደማይሰማው ያኔ አላውቅም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረና በአገጩ አሮጊቷን እያመለከተ አንድ ቃል ተናገረ። ድምፁ አልደረሰኝም። ከንፈሩን ግን አነበብኩት።

«ቆማለች?»

ቀና ብዬ አየሁ። በነጩ መብራት ሥር ሦስቱ መንጋጋዎች ይቆጠሩ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጠርዛቸው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ወደ ኋላ ይንሸራተታሉ። ልትቆም ስትል እንዲህ ታደርግ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። አስቤም አልጨረስኩ፤ የያዝኩት ሂሳብ ሊጠፋብኝ ነበር። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኩት። አምስት ጊዜ ስልሳ ሦስት መቶ ነው።

አባቴ መንጋጋዎቹን ሊወለውል እጁን ዘረጋ።

የቀረውን ብዙ አላየሁም። ጨርቁ ከእጁ ሲነጠቅ አየሁ። ሾፌሩ ሲሮጥ አየሁ። ጋሼ ሰጋቱራ ፊታቸው እንደ ዱቄት ነጭ ሆኖ ገቡና ማሽኗን አጠፉ፤ እኔን ደግሞ በብብቴ አንሥተው ግድግዳው ማዶ፣ ጣውላ ክምር ላይ አስቀመጡኝ። «እዚህ ሁኚ፣ ልጄ። እዚሁ» አሉኝ። ጣቶቼን ከጆሮዬ ያወጣሁት እዚያ ነው። ሦስት መቶ አሥራ ሁለት። መልሱ ይህ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

አባቴ በሦስተኛው ቀን ከሐኪም ቤት ተመለሰ። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ የእግር ኳስ አክሏል። ጎረቤት ሲመጣ «ቀልቤ ሌላ ቦታ ነበር» ይላል፤ እንግዳው አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ እያንዳንዱን እቆጥራለሁ። ስሜን የሚጠራው መቼ ነው? አልጠራውም። አባት የልጁን ነውር ይሸፍናል፤ ከዚያ እንግዳው ሲሄድ ብቻዋን ያገኛታል፤ እንዲህ ነበር የመሰለኝ።

በዚያው ምሽት ራት ከበላን በኋላ በራቸው ገርበብ ብሎ ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ስንት ጊዜ ነው ጆሮህን ሐኪም አሳይ ያልኩህ?» ትላለች እማዬ።

«አሳያለሁ አልኩሽ።»

«አሳያለሁ፣ አሳያለሁ። ልጄን እዚያ ጎልተህ…»

«እኔ ነኝ የጎለትኳት። አውቃለሁ።»

«ከእንግዲህ እዚያ ቤት አትገባም።»

«አትገባም» አለ አባቴ።

ጆሮና ጣት ምን እንዳገናኛቸው አልገባኝም። የገባኝ የመጨረሻው ነው። አትገባም። ራሱ ነው ያለው።

ከዚያ ጠራኝ። አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝ። ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር።

«ቶሎቶሎ፣ አልቆጣሽም። ያየሽውን ብቻ ንገሪኝ። ቆማ ነው ያየሻት?»

«ቆማ ነው።»

«ምንም አትንቀሳቀስም?»

እውነቱን ብናገር ይባስ እንደሚሆን እያወቅኩ ተናገርኩ። «ትንሽ ትዞር ነበር። ቀስ ብላ። ወደ ኋላ።»

«በቃ ተዋት» አለች እማዬ። «ደንግጣ ነው። የምትለውን አታውቅም።»

አሮጊቷ ወደ ኋላ አትዞርም። ይህን እኔም አውቃለሁ። አባቴ ግን «ወደ ኋላ» ብሎ ደገመው። ፊቱ ተለወጠ። ዓይኑን ከእኔ ላይ አንሥቶ ጣራው ላይ ያለውን አምፖል ማየት ጀመረ፤ ብዙ አየው። ጣቱን ቆርጬበት ሳያንሰው እዋሸዋለሁ፤ ስለዚህ ሊያየኝ አልፈለገም። እንዲህ ነው ያነበብኩት።

ጆሮዬን ደፍኜ እንደነበር አልነገርኩትም። እሱን ማንም አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለው ሳምንት የአባቴን ካፖርት ለማምጣት ከእማዬ ጋር ሥራ ቤቱ ሄድኩ። ነጩ መብራት የለም። የተሰቀለበት ሁለት ሽቦ ብቻ ቀርቷል፤ አሮጌው ቢጫ አምፖል ተመልሶ ተንጠልጥሏል። ወንበሬ የለም። ከአሮጊቷ ሦስት መንጋጋዎች አንዱ ቀይ ቀለም ተቀብቷል፤ ደሙን እንዳንረሳ ነው አልኩ። በብረት በሩ ውስጠኛ ገጽ ላይ ደግሞ በጠመኔ የተጻፉ ቁጥሮች ነበሩ፤ የተንጋደዱ፣ አንዱ ግዙፍ አንዱ ድንክ፦ 2000። 60። 33። 20። 3። 100።

አባቴ በግራ እጁ መጻፍ እየተለማመደ ነበር። ቀኝ እጁ ፋሻ ውስጥ ነው፤ እንደ አንደኛ ክፍል ልጅ ከቁጥር ጀምሯል። ያን ሳይ ማልቀስ እንኳ አልቻልኩም። እማዬ ካፖርቱን እስክታገኝ ድረስ በሩን አየሁት፤ እያንዳንዱ ቁጥር የት እንዳዘመመ ዛሬም መሳል እችላለሁ።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስወጣ ፖስታ ቤት ጓሮ፣ የደብዳቤ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው የቤት ሥራዬን የሠራሁት። አባቴ ተመልሶ ሥራ ጀመረ። ቤት ውስጥ ያው ነበር፤ ይቀልዳል፣ ጫማዬን ይጠርግልኛል። ግን «ምን ትላለች?» ብሎ ዳግመኛ አልጠየቀኝም። እኔም ሥራ ቤቱ በር ላይ ስደርስ መንገድ መቀየር ለመድኩ። ቀስ በቀስ የተለየ ልማድ መሆኑን ረሳሁት።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ምሕንድስና ልማር ነው። ለምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ውጤቴ ስለደረሰ እላለሁ፤ እውነትም ነው።

ሁለተኛ ዓመት ላይ፣ ላብራቶሪ ውስጥ፣ አስተማሪያችን የሚዞር ማራገቢያ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ያበራል። ቸልተኛና ቀልደኛ ሰው ነበር። «መለኪያው የሚያነብላችሁ በደቂቃ ነው» አለን፤ «መብራቱ የሚያወራው በሰከንድ፣ በኸርዝ ነው። ለስልሳ ሳታካፍሉ የጻፋችሁ ዜሮ ነው የምሰጣችሁ፤ በደቂቃም በሰከንድም ያው ዜሮ ነው።» ክፍሉን አጨለመ። የብልጭታውን ድግግሞሽ ቀስ እያለ ከፍ አደረገ። ማራገቢያው እየዞረ ቆመ። ክንፎቹ ይቆጠራሉ፤ ንፋሱ ግን ፊቴ ላይ ነው። ከዚያ አስተማሪው የመቆጣጠሪያውን ቁልፍ በፀጉር ያህል ነካው። ክንፎቹ ቀስ ብለው፣ በጣም ቀስ ብለው፣ ወደ ኋላ ተንሸራተቱ።

እርሳሴ ከእጄ ወደቀ። አላነሣሁትም። የጎኔን ልጅ እስክሪብቶ ነጥቄ መዳፌ ላይ ጻፍኩ። ሁለት ሺህ ለስልሳ፣ ሠላሳ ሦስት። በሦስት መንጋጋ፣ ዘጠና ዘጠኝ። የቤታችን መብራት ሃምሳ ኸርዝ ነው፤ ፍሎረሰንት በአንዱ የኮረንቲ ዙር ሁለቴ ስለሚበራ በሰከንድ መቶ ጊዜ ይበራል፣ መቶ ጊዜ ይጠፋል። መቶና ዘጠና ዘጠኝ። አንድ ጎደለ። አንድ ከጎደለ አይቆምም፤ ሌላ ነገር ነው ብዬ እንደ ልማዴ ልተወው ነበር። ከዚያ የተረፈው ሃያ ትዝ አለኝ። ሃያ የስልሳ ሲሶ ነው። ሦስት ሲሶ አንድ። ልክ መቶ።

መብራቱ በበራ ቁጥር አንድ መንጋጋ ሌላው በነበረበት ቦታ ደርሶ ይጠብቀዋል። ዓይን የቆመ ማሽን ያያል። ሰሌዳው ሁለት ሺህ ቢልም ሞተር ሁልጊዜ ከተባለው ትንሽ ይዘገያል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መንጋጋ ለብልጭታው በጥቂቱ አርፍዶ ይደርሳል። ያየሁት እሱን ነው። ወደ ኋላ።

ስሌቱን መዳፌ ላይ በቅደም ተከተሉ መልሼ ጻፍኩትና አየሁት። 2000። 60። 33። 20። 3። 100። እነዚህን ቁጥሮች በዚሁ ቅደም ተከተል፣ የት እንደሚያዘሙ ጭምር፣ አውቃቸዋለሁ። አባቴ መጻፍ እየተለማመደ አልነበረም።

እፎይታ የሚሰማኝ ይመስለኝ ነበር። የተሰማኝ ንዴት ነው። አደጋው ከደረሰ በሳምንቱ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሥራ ቤቱ በር ላይ ስደርስ መንገድ አልቀየርኩም። አባቴ ብረት አጥብቆ በሚይዘው ሞርሳ ላይ ጎንበስ ብሎ ሞረድ ይዞ ነበር። ፀጉሩ ሸብቷል። ሲያየኝ የመጀመሪያ ሥራው ከደረት ኪሱ የጆሮ መሣሪያውን አውጥቶ ማድረግ ነበር፤ እማዬ በመከራ ያስገዛችው፣ ለእንግዳ ካልሆነ የማያደርገው። እንግዳ ሆኛለሁ ማለት ነው።

«ምን ሆነሽ ነው በሥራ ቀን?»

ምን እንደሆንኩ በአንድ ትንፋሽ ነገርኩት።

«ቀስ በይ» አለኝ ጆሮው ላይ ያደረገውን እየነካ። «ይሄ ነገር ቶሎቶሎን አይችልም።»

«ሁለት ሺህ ለስልሳ» አልኩት።

ሞረዱን አስቀመጠ። በሩን አላየም፤ ጠመኔው ከጠፋ ቆይቷል። «ሠላሳ ሦስት ከሲሶ።»

«ሲሶውን ተይው ብለኸኝ ነበር።»

«ተሳስቼ ነበር።»

«መቼ አወቅህ?»

«ወደ ኋላ ያልሽ ጊዜ። ቆማ ነበር ብቻ ብትዪ ኖሮ ልጅ ነሽ፣ አላየሽም እል ነበር። ወደ ኋላ ግን ከራሱ አውጥቶ የሚናገር ሰው የለም። ከሰጋቱራ ጋር መጥተን፣ ርቀን ቆመን፣ በነጩ መብራት አስነሣናት። ቆመች። እጄን ይዞ እስኪደክመው ድረስ ሰደበኝ።» ትንሽ ፈገግ አለ። «በዚያው መብራቱን ነቀልኩት። የቢጫው አምፖል የውስጥ ሽቦ እስኪበርድ ጊዜ ስለማያገኝ እንዲህ አያታልልም። ነገ ሌላ ሰው ነጭ ቢሰቅልስ ብዬ ደግሞ አንዱን መንጋጋ ቀይ ቀባሁት። አንድ ቀይ ካየሽ ቆማለች። ሦስቱም ቀላ ቀላ ካሉ እየዞረች ነው።»

«መብራቱን ያነሣኸው ለቅጣት መስሎኝ ነበር።»

«የማን ቅጣት?»

«የእኔ ነዋ። ወንበሬንም አነሣህ። አትገባም አልክ። መጠየቅም ተውክ።»

አባቴ በሦስቱ ጣቶቹ የሞርሳውን እጀታ ያዘ፤ አላዞረውም። «ያን ቀን የገባኝ መብራቱ ብቻ አይደለም። ጆሮ የሌለኝ ሰው በዘጠኝ ዓመት ልጅ ጆሮ ስሠራ ነበር። ማጥፊያውን ሳልነካ ወጥቼ፣ ተመልሼ አንቺን ቆማለች ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲያ በምን አፌ ልጠይቅሽ? አንቺም መምጣት ተውሽ። ልክ ናት አልኩ። አኩርፋኛለች፤ ይገባታል አልኩ።»

አሥራ አንድ ዓመት። አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ማዕድ ላይ። ልናገር ከመጣሁት ነገር የቀረኝ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ መብራት አያነጻውም።

«ጆሮዬን ደፍኜ ነበር» አልኩት።

ከኮምፖርሳቶው ጀርባ መላጊያው ተነሣ። አባቴ ወደ እኔ ዘመም አለ።

«ምን?»

«ጆሮዬን። ደፍኜ ነበር።»

«አልሰማሁሽም፣ ጮክ በይ።»

«ያን ቀን ጆሮዬን ደፍኜ ነበር» ብዬ ጮህኩ። መላጊያው በዚያው ቅጽበት ጠፋ፤ የመጨረሻው ቃል ባዶ መጋዘን ውስጥ ብቻውን ቀረ።

«ማነው ጆሮውን የደፈነው?» አሉ ጋሼ ሰጋቱራ ከግድግዳው ማዶ።

«ሁላችንም ነን» አለ አባቴ፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። «አንተ ሥራህን ሥራ።»

«ልጅቷ መጣች እንዴ? ወንበሯ እኮ እኔ ዘንድ ነው። ወገቤን ሊቆርጠው ነው፤ ትውሰድልኝ።»

አባቴ ሳቀ። ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያናውጥ ሳቅ። እኔ ፊቴን በመዳፌ ስጠርግ ቁጥሮቹ ጉንጬ ላይ ታተሙ፤ በኋላ በአውቶቡሱ መስታወት ነው ያየሁት።

ከዚያ ወደ አሮጊቷ ሄደ። አንድ የብረት ዘንግ ነክሳለች። ቺንጊያዋን ወደ ሁለት ሺህ አዛወረና ማጥፊያውን አሳየኝ። ከቀዩ መስመር አልፌ አስነሣኋት። ከሆዷ አጉረመረመች፤ ከላይ ደግሞ አንድ ቀጭን ፉጨት ነበር፤ እሱ የማያውቀው። ጥቂት አሠራትና አጥፊ አለኝ። አጠፋሁ። የጆሮ መሣሪያውን አውጥቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። ሦስት ጣት ያለውን እጁን በመንጋጋዎቹ ፊት፣ ከእነሱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርጎ፣ አየር ላይ አቆመ።

«ቆማለች?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ጉርምርምታው ወረደ፤ ወደ ሹክሹክታ፣ ወደ እስትንፋስ። ለእኔ እንኳ ሊጠፋ ደረሰ። ከእስትንፋሱ ሥር ግን አንድ ነገር ገና ይሄድ ነበር።

«ገና ናት» አልኩት።

ጠበቀኝ።